በቃል ያስጠናሁት ትምህርት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ፣ በጡረታ መሰናበቻዬም ይህንን ጋቢ ስላለበሳችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ለሕክምና ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታን ትምህርት እንዳስተምር ስመደብ፣ እኔ የቀዶ ሕክምና ሰው ነኝ ብዬ ተከራክሬ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ዲናችን ዶክተር ሚልካ ግን፣ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎን ስለሚፈሩ ማንም ከክፍል አይቀርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

እኔ በአርጩሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንደተማርኩትም አስተማርኩ፤ በቃል አስጠናሁ። «ታካሚዋ ስለ ገዛ አካሏ የምትወስነው ራሷ ናት» የሚለውን ተማሪዎቼ ቆመው በቃላቸው ይወጡልኝ ነበር። አንዲት ቃል የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ምን ያህል እኮራ እንደነበር!

ባለፈው ኅዳር ከአዲሱ ገበያ አንዲት ልብስ ነጋዴ መጣች። ማሕፀኗ ላይ ዕጢ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር ሕሙማንን አልጋ ላልጋ በምንጎበኝበት ሰዓት፣ በእኔ ትምህርት አንደኛ የወጣው ቤዛብሕ ነገሩን አብራርቶ አስረዳ። ለማን? ከአልጋው ማዶ ለቆመው ባሏ። ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንጸልይበትና እንመለሳለን» አለ። እሷ ሻርፗን ታጣጥፍ ነበር።

ያን ጊዜ ተማሪያችን ኢልሀም፣ «ፕሮፌሰር፣ እሷን እኮ ማንም አልጠየቃትም» አለችኝ።

ምን መለስኩላት? «ጉብኝት አታቋርጪ»። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን።

ሴትየዋ አልተመለሰችም። ካርዷ ላይ የተመዘገበው ስልክ የባሏ ነው። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» ይለኛል። ገበያ ወርጄ ሱቋን ባፈላልግ፣ ተዘግቷል። ባለፈው ሳምንት ከእሷ ጋር እንዲያገናኘኝ ለመንኩት። «ለእኔ ይንገሩኝ፣ እነግራታለሁ» አለኝ። ምን ላድርግ? ነገርኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ እኔ፣ ዳግመኛ ለእሱው ነገርኩት።

ኢልሀም፣ ከኋላ ተቀምጠሽ አይሻለሁ። በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ቤዛብሕን አትውቀሱት፤ መምህሩን መስሎ ነው።

ፈጣሪ እጃችሁን ይባርክ። ያከማችኋቸው ሕሙማን ሁሉ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይግቡ። እናንተም ሸምግላችሁ እዚህ ስትቆሙ፣ ከእኔ የቀለለ ልብ ይኑራችሁ። ያቺ ሴት ከመጣች እኔ አልኖርም። ወንበር ስጧትና ከጎኗ ተቀመጡ። ብትዘገይም፣ እስክትናገር ጠብቋት።