ሕመም የሌለው ደም

መድኃኒት ቤቴን ልከፍት ደረጃውን ስወርድ ከእማማ ገላግሌ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ሳሙና በሌላው የሞቀ ውሃ ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ከሕንፃችን ልጆች ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

«ማን ሊወልድ ነው?» አልኳቸው።

«ማንም። ምራቴ ማለዳ ስትነሳ ደም አየች። ገና ስምንተኛ ወሯ ነው። አሁን ቆሟል፣ ምንም አላመማትም። ብቻ ልጁ እንዴት እንደተቀመጠ በእጄ ልየውና ልቤ ይረፍ ብዬ ነው። እንኳን አገኘሁህ፤ ደም የሚያቆም ክኒን ካለህ ስጠኝ።»

ዕድሜዬን መድኃኒት ስሸጥ ኖሬአለሁና ለዚህ ሰጥቼ የምሸኛቸው ክኒን እንደሌለኝ አውቃለሁ። ነገሩ አላማረኝም። ቁልፌን ኪሴ ከትቼ ተከተልኳቸው።

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ የስፌት መኪናውና አልጋው ጎን ለጎን ናቸው። ሚስቱ በጎኗ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። አልጋው አጠገብ ታናሽ እህቷ ቆማለች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከተረኝነቷ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። አማቲቱ ውሃውን ሲያስቀምጡ አየችና መሀል ገባች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይንኳት።»

«ምን አልሽ?»

«እጅ አስገብተው አይመርምሯት።»

«አንቺን ራስሽን የተቀበልኩሽ በዚህ እጅ ነው። ዛሬ ቆሸሸብሽ?»

«እጅዎን አላማሁም። ጓንት ቢያጠልቁም ያው ነው። እኔም ብሆን እዚህ ቤት አልነካትም።»

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ይጎትታል። እናቱን እንዳያስቀይም ይፈራል፣ ሚስቱን እንዳያጣም ይፈራል። ሁለቱን ፍርሃት ሊያስታርቅ ብሎ «እናቴ አንዴ ብቻ ትያት፤ ከዚያ እንወስዳታለን» አለ።

«አንዴው ነው የሚገድላት» አለች ታናሽ እህቷ።

 እማማ ገላግሌ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም።

«ደም ያስፈራል፣ አልካድኩም። ግን ሕመም የሌለው ደም ምን ያደርጋል?»

«ሕመም ስለሌለው ነው የፈራሁት፣ እማማ። የእንግዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከማሕፀን ላይኛው ክፍል ነው የሚጣበቀው። አንዳንዷ ላይ ግን ወደ ታች ይቀመጥና የማሕፀኑን አፍ ይሸፍናል፤ ልጁ የሚወጣበትን በር ማለት ነው። ወሩ ሲገፋ በሩ መሳሳት ሲጀምር፣ የእንግዴ ልጁ ትንሽ ይላቀቅና ሳያም ይደማል። በዚያ ላይ ጣት ከነካው ይቀደዳል።»

«ቢያማትስ ኖሮ?»

«ያ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የእንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ከቦታው ሲለቅ ሆድ ይጠጥራል፣ ያማል። ደሙ ማሕፀን ውስጥ ተጠራቅሞ ውጭ ጥቂት ብቻ ሊታይ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ ማንም አይለይም።»

«ቆሟል እያልኩሽ።»

«ቆሞ ያዘናጋል። ሲመለስ ይብሳል።»

«ሆስፒታል ከገባች ሆዷን ነው የሚቀድዱት። ሥራቸው መቅደድ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም አላስችል ብሎኝ «ልጅዎስ ጨርቅ ሳይቀድ ሰፍቶ ያውቃል?» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። 

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስንቷን ሴት መርምረዋል። የልጁን ጭንቅላት ሲፈልጉ ጣትዎ ለስላሳ፣ እንደ ጉበት ያለ ነገር አግኝቶ ያውቃል?»

ባልቴቷ እጃቸውን አዩት።

«ያውቃል» አሉ በመጨረሻ።

«ያቺ ሴት ምን ሆነች?»

የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «የጫማ ሰፊው ሚስት ነበረች። እንደነካሁት ደሙ እንደ ቧንቧ ተለቀቀ። ቀኗ ደርሶ ነው አልኩ። ሰዉም እንደዚያው ብሎ አጽናናኝ። ለካስ...» አልጨረሱትም።

በጣም አሳዘኑኝ። ያን ሁሉ ዘመን በቀን ያሳበቡት ሞት በአንድ ጥያቄ ወደ እጃቸው ተመለሰ። ልጅቷም አጠገባቸው በርከክ ብላ «ማንም ሳይነግርዎት በምን ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«ዛሬማ ተነገረኝ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ምን ይገትርሃል? ታክሲ ጥራ እንጂ።»

በወንበር ተሸክመን አወረድናት። ታክሲው መንገድ ሳያጋምስ ደሙ ተመለሰ፤ ከማለዳው የባሰ ነበር። እህቷ በጎኗ አስተኝታ እጇን ይዛ ታዋራታለች። እማማ ገላግሌ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንዴም ዞረው አላዩም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ገና በሩ ላይ «እጅ አስገብቶ የመረመራት ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አሉ ባልቴቷ ማንም ሳይቀድማቸው። «እኔ ልመረምራት ነበር፤ ከለከሉኝ።»

«የከለከለዎትን ሰው ያመስግኑ። ነክተዋት ቢሆን እዚህ አትደርስም ነበር።»

አልትራሳውንዱ ልጅቷ ያለችውን አሳየ፤ የእንግዴ ልጁ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ባሏና እኔ ደም ሰጠን። በኦፕራሲዮን ሊያዋልዷት ወዲያው አስገቧት፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን። ሕፃኗ ትንሽ ስለሆነች ማሞቂያ ውስጥ ገባች፤ እናቲቱም ነፍሷ ተረፈች። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ነፍሰ ጡር በጊዜ ብትመረመር የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ቀድሞ ይታወቃል፤ የምትወልደውም ደምና ሐኪም ባለበት ይሆናል። እሷ ግን ምርመራውን ነገ ዛሬ ስትል አሳልፋው ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ቤት የተመለሱ ዕለት የሕንፃው ሴቶች ሊጠይቁ መጡ። እማማ ገላግሌ ሕፃኗን ታቅፈው እንዲህ አሏቸው፦

«እርጉዝ ሆና ደም ያየች ሴት፣ አመማትም አላመማትም፣ ቆመም አልቆመም፣ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ማንም እጅ አያስገባባት። እኔ ራሴ ልመርምርሽ ብዬ ብመጣ፣ በሩን ዝጉብኝ።»