አዴ ከዲጃ፣ የላሞቻችን አዋላጅ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን ማለቴ ነው፣ ላም ታመመች ብሎ ሐኪም ጥሩ ማለት ዘበት ነበር። የከብት ሐኪሙ ያለው አሰላ፣ እኛ ያለነው ከበቆጂ ወዲያ ተራራው ሥር፣ ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይወጣው። እና ሐኪሙም አንድ ሰው ነው፣ ለዚያ ሁሉ አገር! ታዲያ በዚያ ላይ የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች መጡልን። ወተታቸው፣ ኧረ ተዉኝ፣ ዕቃ አይበቃውም! ግን ጥጃቸው ግዙፍ ነው፣ መውለድ አይሆንላቸውም። የአገራችን ላም ሜዳ ላይ ወልዳ ጥጃዋን አስከትላ ትመጣለች፣ እነዚህ ግን ሲያምጡ ውለው ከነጥጃቸው ይሞታሉ። ስንት ቤት ተለቀሰ መሰላችሁ!

ታዲያ ከአሰላ "ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ላኩ፣ አሠልጥነን የከብት ጤና ረዳት እናደርግላችኋለን" ተባለ። እልል አልን። ማንን ላኩ? ወንድ! እስቲ አሁን በአርሲ አገር ላም የማን ናት? የሚያልበው ማን ነው፣ ጥጃ የሚያስረው ማን ነው፣ በረት የሚጠርገው ማን ነው? ሴት! ወንዱ ላሟን የሚያውቃት ገበያ ሲነዳት ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ መፈክር ማሰማት ይችልበታል ተብሎ ተመረጠ፣ ሠለጠነ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ እዚያው ከተማ ሥራ ተቀጠረ፣ ቻው! ሁለተኛው እንኳ ተመልሷል፣ ሐሰት አልናገርም፣ ግን አንዷ ላም በእርግጫ ስትለው ጊዜ "ሴቶች፣ ያዙልኝ" እያለ ከበረት ውጭ መቆም ሆነ ሥራው። በኋላ ዘመቻ ሄደና ቀረ፣ ነፍስ ይማር።

ሦስተኛ ሰው ይመረጥ ሲባል ጎረቤቴ አዴ ከዲጃ፣ ድምጿ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት፣ "አሁንስ በቃ!" ብላ የመንደሩን ሴቶች አስነሳች። ሲንቄያቸውን ያዙ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ናት፣ እሷን ይዘው ሴቶች ከተነሱ ወንድ ቆሞ ይሰማል፣ አልሰማም ማለት ነውር ነው። እኔ ሲንቄ የለኝም፣ እናቴ በሸዋ ወግ ነው የዳረችኝ፣ ግን ከሲንቄው ጋር የሚያዘውን እርጥብ ሣር ነጨሁና ከኋላ ተከተልኩ። ስብሰባው ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ኦቦ ገመዳ ብድግ አሉ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ግን አገሩን አያውቅ፣ እንደተቀመጠ "ጓዶች! ይሄ ዱላ ምንድን ነው? አድሃሪነት ነው!" ብሎ ጮኸ። ኦቦ ገመዳ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው "ጓድ፣ ይነሡ። ሰፊው ሕዝብ ማለት እነዚህ ናቸው" አሉት። ተነሣ! ምን ያደርጋል?

ከዲጃም "ሁለት ወንድ ላካችሁ፣ አንዱን ከተማ ወሰደው፣ አንዱን ጦርነት በላው። እኛ ወዴት እንሄዳለን? ሴት ላኩ!" አለች።

"ማንበብ ሳትችዪ?" አላት ካድሬው።

"ታዲያ አስተምሩኛ! ለመማር አይደል የምሄደው?"

ሄደች። አሠልጣኙ ዶክተር፣ የተባረከ ሰው፣ ሌሎቹ ሠልጣኞች ሲስቁባት እሱ አልሳቀም፣ አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አሥር ጊዜ ያሳያታል አሉ። ቦቲዋን አድርጋ ስትመለስ፣ እናንተ፣ እንዴት እንዳማረባት!

ታዲያ የኔ ላም ዳማ አማጠች። ባሌ ዘመቻ ነው፣ አራት ልጆቼ በእሷ ወተት ነው የሚያድሩት፣ እሷ ከሞተች አለቀልኝ። ቀኑን ሙሉ አምጣ አንድ እግር ብቻ ወጣ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ገመድ አሠሩበትና "ሆ! በል ሳብ!" ሊሉ ሲሉ ከዲጃ በዝናቡ እየሮጠች ደረሰች። "ልቀቁ! ልትገነጥሏት ነው?" ክንዷን እስከ ትከሻዋ በሳሙና ታጠበችና እጇን አስገብታ ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋችው።

"ኧረ ምን አደረግሽ! እኔ ይውጣልኝ እላለሁ፣ አንቺ ትመልሺዋለሽ?"

"አንዱ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፏል። ካልገፋሁት መዘርጊያ ቦታ የለውም።" ታገለች፣ ታገለች፣ እጇን አወጣችና አየችኝ። "የኔ ክንድ ወፍራም ነው፣ አላልፍ አለኝ። ያንቺ ቀጭን ነው። ታጠቢ።"

"እኔ? ማርያምን አልችልም!"

"ላሟ የማን ናት?"

"የኔ።"

"ታጠቢ አልኩሽ!"

እያለቀስኩ አስገባሁ። "ምኑን ነካሽ?" "ጉልበቱን መሰለኝ።" "ወደ ታች ውረጂ። ኮቴውን አገኘሽው? በመዳፍሽ ሸፍኚው፣ ማሕፀኗን እንዳይቀድባት። አሁን ቀስ አድርገሽ ወደኔ።" መጣ! በእናቴ ሞት፣ መጣ! ከዚያ ወንዶቹን "ስታምጥ ሳቡ፣ ስታርፍ ረፉ!" አለቻቸው፣ እነሱም እሺ ብለው ሳቡ፣ ጥጃው ዱብ አለ። አይተነፍስም። አፍንጫውን ጠርጋ በጭድ ነካ ነካ ስታደርገው አስነጠሰ። እኔ እዚያው አዛባው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ፣ የደስታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ላም ባማጠች ቁጥር አንዷን ሴት "ነይ ታጠቢ" ትላለች እንጂ ብቻዋን አትሠራም። እና አንድ ቀን ከአሰላ መኪና መጣና "የጢቾን ሴቶች ታሠልጥንልን" ብለው ሊወስዷት ሆነ። ሴቶቹ መኪናውን ከበን ጮኽን። "አንቺም እንደ ወንዶቹ ጥለሽን ልትሄጂ!" አልኳት።

ተቆጣች። "ምን ያስለቅሳችኋል? እጃችሁን ይዤባችሁ ሄድኩ እንዴ?" ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች።

ወዲያው በዚያው ሰሞን ኦቦ ገመዳ እያለከለኩ መጡ። "አስካለ! ላሜ ልትሞት ነው፣ ከዲጃ ደግሞ የለችም!"

"ገመድ አሥረዋል?"

"አዎ፣ ሊስቡ ነው!"

"ልቀቁ ይበሏቸው፣ መጣሁ!" አልኩ። ሄድኩና ከዲጃ እንዳሳየችኝ እጄን አስገባሁ። ላሟ ተረፈች፣ ጥጃዋም ተረፈች።

"ታዲያ እማማ፣ ለእርስዎ የምስክር ወረቀት አልሰጡዎትም?"

ኪ ኪ ኪ! ሰማችሁት ይሄን ልጅ? ለኔ? ያን ቀን ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ ከምድጃ አጠገብ ደርሰው የማያውቁት ሰውዬ፣ ውኃ አሙቀው ጎንበስ ብለው አስታጠቡኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ወረቀት አለ፣ ልጄ!