የጎደለችው ጎዝ

(ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፤ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሷ ሲስተር ትርሲት የነርሶች ኃላፊ በሆኑት በማትሮን ይርገዱ ቢሮ ቆማለች፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።)

ትርሲት፦ አልጠይቅም! ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው። እኔ ምን አጠፋሁ?

ይርገዱ፦ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ልጄ። በሩ ስስ ነው።

ትርሲት፦ ትናንት ዶክተር ሳምሶን ሲጮህብኝ በሩ ወፍራም ነበር?

ይርገዱ፦ ትርሲት...

ትርሲት፦ ሥራዬ ምንድን ነው፣ ማትሮን? ሆድ ከመዘጋቱ በፊት የደም መምጠጫውን ጎዝ መቁጠር ነው። ሃያ ገባ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ወጣ። «አንድ ጎድሏል፣ አይዝጉ ዶክተር» አልኩ። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?

ይርገዱ፦ እኔው ነኝ።

ትርሲት፦ «መቁጠር አታውቂም፣ ክር አቀብዪ» አለኝ። አላቀብልም አልኩ።

ይርገዱ፦ እሱስ ደግ አደረግሽ። ጣጣ ያመጣው ጎዟ የተገኘችበት ቦታ ነው።

ትርሲት፦ እኔ ነኝ እንዴ ከቦት ጫማው ሥር የለጠፍኳት?

ይርገዱ፦ ተለማማጆቹ ሳቁ አሉ።

ትርሲት፦ ያን የሚያህል ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሶሉን ሲመረምር ማን አይስቅም? ሰመመን ሰጪው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። መቀሱ የተወረወረው ግን በእኔ ላይ ነው። «ገረድ» የተባልኩትም እኔ ነኝ። ክንዴን ይመልከቱት!

ይርገዱ፦ አይቼዋለሁ። ቅባት አድርጊበት።

ትርሲት፦ ቅባት! ማመልከቻዬስ የት ደረሰ?

ይርገዱ፦ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ትርሲት፦ ለሥራ አስኪያጁ አልሰጡትም?

ይርገዱ፦ ሰጠሁት። አንብቦ መለሰልኝ። «ቀዶ ሐኪም ያለን አንድ ነው፤ ነርስ በየዓመቱ ይመረቃል» አለኝ።

ትርሲት፦ እርስዎስ ምን አሉት?

ይርገዱ፦ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ትርሲት፦ እንደ ለመዱት! አምና ዶክተር ሳምሶን በሲስተር ጽዮን ላይ በሕመምተኞች ፊት ካርድ ሲወረውርባት ለቃ ሄደች። «በገዛ ፈቃዷ» ብሎ ስንብቷን የፈረመው ማን ነው?

ይርገዱ፦ እኔ። ስደቢኝ፣ ይገባኛል፤ ግን ፈጠን ብለሽ ስደቢኝ። አልጋ አራት ላይ የነበሩትን እማማ ዝማምን ታውቂያቸዋለሽ?

ትርሲት፦ አንጀታቸው የታጠፈባቸውን? አሁን ኦፕሬሽን ላይ መሆን የለባቸውም እንዴ?

ይርገዱ፦ ነበረባቸው። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ፊት ኮሪደር ላይ እያቃሰቱ ነው። ሳምሶን ክበብ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። «ያቺ ልጅ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ሳትጠይቅ ጓንት አላጠልቅም» ብሏል።

ትርሲት፦ በሰው ነፍስ?

ይርገዱ፦ ለሥራ አስኪያጁ «ራሴን አሞኛል» ነው ያለው። እውነቱን የነገረው ለእኔ ነው።

ትርሲት፦ ይመስክሩበታ!

ይርገዱ፦ ቃሌን በቃሉ ላይ? ማን ሊያምነኝ?

ትርሲት፦ የትናንቱን እንኳ ተለማማጆቹ አይተዋል።

ይርገዱ፦ ውጤታቸውን የሚሞላው እሱ ነው። ጠየቅኋቸው፤ አንዱም ምንም አላየም።

ትርሲት፦ እንግዲያው እማማ ዝማም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላኩ።

ይርገዱ፦ አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ሄዷል። ቢመለስም የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። እስከዚያ አንጀቱ ምን እንደሚሆን ላስተምርሽ?

ትርሲት፦ አይ... አውቀዋለሁ።

ይርገዱ፦ ልጃቸው ሁለት ጊዜ መጣች። «የጎደለው ደም ከሆነ ከእኔ ውሰዱ» አለችኝ። ደም አይደለም አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ትርሲት፦ ዛሬ ይቅርታ ብጠይቅ፣ ነገ ሰው ሆድ ውስጥ ጎዝ ሲቀር ማን አፉን ይከፍታል? ይህን አስበውታል?

ይርገዱ፦ ከጧት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ትርሲት፦ እና?

ይርገዱ፦ እማማ ዝማም ነገን የሚያዩት ዛሬ ኦፕሬሽን ከተደረጉ ነው።

ትርሲት፦ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?

ይርገዱ፦ ራሱ ጽፎ ሰጥቶኛል። «በቆጠራ ተሳስቼ የሐኪሙን ሥራ በማስተጓጎሌ...»

ትርሲት፦ አልተሳሳትኩም!

ይርገዱ፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር!

ይርገዱ፦ አውቃለሁ፣ ትርሲትዬ።

ትርሲት፦ ...ያምጡት ወረቀቱን። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ሳነበው ብቻዬን አያስቁሙኝ። ምንም አይናገሩ፤ ዝም ብለው ከጎኔ ይቁሙልኝ።

ይርገዱ፦ የእኔም ቦታ ተነግሮኛል፣ ልጄ። የምቆመው ከእሱ ጎን ነው።