ዘፋኟ የቆመችበት ቦታ

ጎባ አስተማሪ ሳለሁ አዲስ ስቴሪዮ ገዛሁ። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች መደርደሪያ ላይ አጠጋግቼ ሸክላ ባጫውት ከድሮው ሬዲዮዬ ምንም አልተለየብኝም። ተታለልኩ ብዬ ልመልሰው ስነሳ ዓይነ ስውሩ ጎረቤቴ አባ ከድር መጡ። ብሶቴን ነገርኳቸውና አሰማኋቸው።

"ዘፋኟንም ከበሮ መቺውንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተሃቸው እንዴት ይለዩ? ማጉያዎቹን አራርቃቸው እንጂ!" አሉኝ።

አንዱን ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ ጥግ አስቀምጬ እንደገና አስጀመርኩት። አባ ከድር ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ምነው አባ ከድር?" አልኳቸው።

ባዶውን መሀል በጣታቸው እያሳዩ "ወላሂ፣ ሴትዮዋ እዚህ ፊቴ ቆማ እኔ እንዴት ልቀመጥ? ከበሮ መቺውም በስተግራዋ ነው" አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነትም ቆማለች። ሸክላው እስኪያልቅ ሁለታችንም አልተቀመጥንም።