ድንጋይ የተሸከሙ ሽማግሌዎች

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንድ አዛውንት እህል ነጋዴና አንዲት ጠበቃ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ለምስክርነት ነው የምሄደው» አሉ አዛውንቱ። «አንድ ድርጅት ጤፋችንን ያለ ደረሰኝ እየገዛ ግብር ደብቋል ተብሎ ተከሷል። ሸፋፍኖለታል የተባለው የገቢዎች ሹምም አብሮ ተከሷል።»

«ታዲያ ምን አሳሰበዎት፣ አባቴ?»

«የድርጅቱ ባለቤት ሽማግሌ ላከብኛ! ፍርድ ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይጠብቁኛል። ይቅር ካልኩ ክሱ ይቀራል አሉኝ።»

«አይቀርም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

«ሽማግሌ እምቢ ማለት ግን ባገራችን ነውር ነው፣ ልጄ።»

«ያዩትን መደበቅስ?»



«የልጅ ልጆቼ የሚማሩት ዳስ ውስጥ ነው። በጀት የለም ተብሎ ትምህርት ቤቱ መሠረቱ ላይ ቆሟል።»

«እና ሽማግሌዎቹን ምን ሊሏቸው ነው?»

«እጅ እነሣቸዋለሁ። ከዚያ ድንጋዩን እዚህ አታውርዱት፣ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይሆናልና እዚያው አድርሱት እላቸዋለሁ።»

ጠበቃዋ ከት ብላ ሳቀች።

ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አሉ አዛውንቱ።

መውረጃዬ ገና ወደፊት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነበር፤ ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ከኋላቸው ወረድኩ።