አሚን የተባለለት ማስታወቂያ

ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ወሬ አይጀምርም፤ ይተኛል፣ ካልተኛም ስልኩን ይነካካል። እኔ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ሥራ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ማለዳ ደሴ ካለው ሰፈሬ ከሆጤ እወጣለሁ፣ የጎደለኝን እንቅልፍ መንገድ ላይ እሞላለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ከጎኔ መጥተው የተቀመጡት ጋሽ በሺር ሆኑና እንቅልፉ ቀረ። ምነው በተኛሁ እያልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሽ በሺር ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ያረጁ ሰው ናቸው። የሠርጌን ሱፍ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሱፉ ዛሬም ደህና ነው፣ ያስቸገረው የኔ ሆድ ነው። ባገኙኝ ቁጥር በዚሁ ሆዴ ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሰላምታዬን «አልሐምዱሊላህ» በምትል አንዲት ቃል መልሰው ዝም አሉ። መኪናው እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ዝምታቸው ከበደኝና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው።

«ተውፊቅ ዘንድ» አሉኝ። «የእህቴ የረሂማ ልጅ ነው። የከሊድን ድምፅ ካስቀመጠበት እንዲያጠፋልኝ ልነግረው ነው።»

ከሊድን አውቀው ነበር። የጋሽ በሺር አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ መንዙማ ሲያወጣ መንገደኛ ይቆም ነበር። ኩላሊቱን ታሞ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በአንድ መውሊድ ላይ ያወጣውን መንዙማ ተውፊቅ በስልኩ ቀርጾ፣ ቪዲዮ በነፃ ከሚታይባቸው የኢንተርኔት መድረኮች በአንዱ ላይ ጭኖት ነበር። ያ ስልክ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ስለዚህ ከሊድ ለቤተሰቡ የቀረው በዚያች የአሥራ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ብቻ ነው። እናቱ እትዬ ዘሀራ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ቢልቂስ ስልካቸው ላይ፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ አንዲት ምልክት አስቀመጠችላቸው። በየቀኑ ጠዋት ላይ ቤቱ ጭር ሲል እሷን ዳብሰው ይነካሉ፣ የልጃቸውንም ድምፅ ይሰማሉ።

ይህን ድምፅ አባት ራሱ ሊያስጠፋው መሄዱ አልዋጥልህ አለኝ። ምክንያታቸውን ጠየቅሁ፤ ጋሽ በሺርም ወደ መስኮቱ ዞረው ነገሩኝ።

በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ የከሊድን የሙት ዓመት ሰደቃ አውጥተው ጎረቤቱና ሸሆቹ ተሰብስበው ነበር። እትዬ ዘሀራ የልጄ ድምፅ በሰደቃው ይሰማ ብለው ለመኑ፤ ስልኩ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያያዘ። መንዙማው መጨረሻው ላይ ዱዓ አለው፤ ከሊድ አንድ ልመና ያወጣል፣ ሰዉ አሚን ይላል። ቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሞተው ልጅ ዱዓ ሲያደርግ አሚን እያለ ተከተለው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ የከሊድ ድምፅ ተቆረጠና አንዲት ቀልጣፋ ሴት፣ «ዛሬውኑ ይወራረዱ፣ ሕይወትዎን ይቀይሩ» አለች። የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ነው። ቤቱም በያዘው ዜማ፣ በአንድ ድምፅ፣ «አሚን» አለ።

«እኔም ብያለሁ» አሉኝ ጋሽ በሺር። «በልጄ ሰደቃ ላይ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ለቁማር አሚን ብያለሁ። ልጆቹ ሳቁ። ሸሆቹ እጃቸውን ሰብስበው ወጡ።»

እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አፍሬ ዋጥኩት። በማግሥቱ አንድ ጎረቤት፣ ቪዲዮ የሚጭን ሰው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንደሚያገኝ ነገራቸው። ጋሽ በሺርም ተውፊቅ የልጃቸውን ድምፅ ለቁማርተኞች ሸጦታል ብለው ቆረጡ። በእህታቸው በኩል፣ እስከ ጁምዓ ካላጠፋው ደጄን እንዳይረግጥ ብለው ላኩበት። ሁለት ቀን ጠበቁ፣ መልስ አልመጣም። ያን ዕለት ጠዋት ራሳቸው ሊሄዱ ሲነሡ እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው?» ብለዋቸው ነበር። ሳይመልሱላቸው ወጡ።

እንግዲህ እኔ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጨው አቀብለኝ ስትለኝ ጨው በምን መንገድ ወሎ እንደሚገባ እነግራታለሁ። መኪናው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ እኔም ጀመርኩ።

«ጋሽ በሺር፣ ተውፊቅ የለበትም» አልኳቸው። «ማስታወቂያውን የሚያስገባው የመድረኩ ባለቤት ነው። ተውፊቅን አይጠይቀውም፣ አይነግረውምም። ለጫነው ሰው የሚከፈለው ብዙ ሺህ ተከታይ ሲኖረው ነው።»

አላመኑኝም። ስልኬን አውጥቼ የተውፊቅን ገጽ ፈለግሁና አሳየኋቸው፤ ተከታዩ አርባ ሦስት ሰው ነው። ቪዲዮው ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ታይቷል፤ አብዛኛውን ያዩት እትዬ ዘሀራ ሳይሆኑ አይቀሩም። ልከፍተው ስነካው መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፣ ቀጥሎ የቤት ሽያጭ። ከሊድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ብቅ ሲል ጋሽ በሺር ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ዘጋሁት።

«እሺ፣ ተውፊቅ አይደለም እንበል» አሉ። «ያኛው በምን ሥልጣኑ ነው ዱዓ መሀል የሚገባው? ቤቴ ገብቶ ሰው ሲሰግድ የሚጮህ ቢኖር ጎረቤት ይዞ ያስወጣልኝ ነበር።»

«አገልግሎቱ በነፃ ስለሆነ ነው ጋሽ በሺር። እኛን አያስከፍለንም፤ ወጪውንም ትርፉንም የሚያገኘው ከሚያስተዋውቁት ሰዎች ነው።»

«በነፃ? ካርድ የምሞላው እኔ አይደለሁም እንዴ? ማስታወቂያው ሲመጣ የሚበላው የማንን ጥቅል ነው?»

«የእርስዎን።»

«እንግዲያው ለሚሰድበኝ ሰው የመኪና የምከፍልለት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር እኔም ከተቃጠልኩ ቆይቻለሁ። ተማሪዎቼን ስለ መስመር ዝርጋታ ቪዲዮ ሳሳያቸው፣ ሁለቱ ሽቦዎች ሊገናኙ ሲሉ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ይመጣል፤ አርባ ልጅ ይስቃል፣ የነገሩ ክር ይጠፋል። ዱሮ አንድ ብቻ ነበረች፣ እሷንም በአምስት ሰከንድ እናልፋታለን። አሁን ሁለት ሦስት እየሆነ፣ ማለፊያም እያጣንለት፣ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ከፍሎ መገላገል ይቻላል ይባላል፤ የሚከፈለው በውጭ አገር ባንክ ካርድ ነው፣ እኔ የለኝም፣ እሳቸውም የላቸውም። አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም። በማን ላይ ነው የምትናደደው? ሰው የሌለበትን በር እንደመደብደብ ነው።

ይህንኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማጥፋት ይሻላል ያልኩት ትክክል ነዋ» አሉ። «ደጃፉን ካላገኘሁት፣ ልጄን ከመሀላቸው ላውጣው።»

እዚህ ላይ ነው የተሟሟቅሁት። ጥፋቱ መንዙማው ላይ አይደለም፣ ተውፊቅም ላይ አይደለም፤ ጥፋቱ ያለችንን አንዲት ነገር በሰው ቤት አስቀምጠን መተኛታችን ነው አልኳቸው። አንድ ሰው አንድ ጋቢ ብቻ ኖሮት ሰው ዘንድ ቢያኖረው፣ የቤቱ ባለቤትም እየረገጠው ቢያልፍ፣ ጋቢውን ያቃጥለዋል ወይስ ወደ ቤቱ ይወስደዋል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወደ ቤቱ ይወስደዋል» አሉ ቀስ ብለው።

«እኛም እንውሰደው። ቪዲዮው ከመድረኩ ይወርድና ሚሞሪ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ለእትዬ ዘሀራ፣ አንዱ ለቢልቂስ፣ አንዱ ለእርስዎ። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም፣ መሀሉ ላይ ማንም አይገባም። በሚመጣው ሰደቃ ከሊድ ዱዓውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያደርጋል፣ እናንተም ለእሱ ብቻ አሚን ትላላችሁ።»

የመጨረሻዋ ቃል ገባቻቸው። ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁ።

«አሁን ታወርደዋለህ?» አሉኝ።

አልኩ፦ «ማሠልጠኛው ስደርስ በነፃው ዋይፋይ አወርደዋለሁ፤ የቀረችኝን ጥቅል እነዚያ ሁለት ማስታወቂያዎች በሏት።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ላለመቆጠብ ብፈልግ የሚወጣብኝ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነበር።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ፣ አየሩም ሞቅ ሲል፣ ጋሽ በሺር ስለ ተውፊቅ ማሰብ ጀመሩ። በእናቱ በኩል ቁማርተኛ ብለው እንደላኩበት፣ እሱ ግን ከከሊድ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ያደገ ልጅ እንደሆነ ነገሩኝ። በድዬዋለሁ አሉ። ደውለው እንዲነግሩት መከርኳቸው።

«አፉ በለኝ በስልክ አይባልም መምህር» አሉኝ። «ሰው የበደለውን እጁን ይዞ ነው።»

እንዲህ ያለ ወግ ደስ ይለኛል። ልክ ነዎት ብዬ አመሰገንኳቸው፣ ስለ ይቅርታም ጥቂት ተናገርኩ። ትምህርት እስኪጀመር ጊዜ ስለነበረኝ አብሬያቸው ልሂድ አልኩ።

ተውፊቅ የበርና የመስኮት ብረት በሚበየድበት አንድ ቤት ውስጥ ይሠራል። አጎቱን ሲያይ የዓይን መከላከያውን ጥሎ ሮጦ መጣ፣ ትከሻቸውን ሳመ፤ በእጁ ጥላሸት ሸሚዛቸው እንዳይነካ እየተጠነቀቀ። ጋሽ በሺር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ቀደማቸው።

«አብሽሩ አጎቴ፣ እንዳሉኝ አጥፍቼዋለሁ። እጄ እምቢ እያለኝ ነበር የዘገየሁት። ዛሬ እማዬ ደውላ ተቆጥተው ወጥተዋል ስትለኝ፣ ሳይደርሱ ብዬ ጨረስኩት።»

«መቼ?» አልኩት እኔ።

«አሁን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

ከግማሽ ሰዓት በፊት እኔ ስለ ጋቢ እያስረዳሁ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ከሊድ የነበረበት ቦታ ላይ ቪዲዮው እንደሌለ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ አለ። የተውፊቅንም ስልክ ተቀብዬ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። በዚያ መድረክ ባለቤቱ ራሱ ያጠፋው ነገር አይመለስም፤ ይህንንም አውቅ ነበር፣ ዝም ብዬ ነው የነካካሁት።

ጋሽ በሺር ገና ሳልነግራቸው ከፊቴ አነበቡት። የተውፊቅን ጥላሸታም እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አፉ በለኝ ልጄ» አሉት።

ተውፊቅ ታረቁኝ ብሎ በደስታ አለቀሰ። ምን እንደሆነ አልገባውም። የማስረዳቱ ሥራ እንደገና የኔ ሆነ። ስጨርስ ልጁ እዚያው የተከመረ ብረት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ።

በዚህ ዓይነት ታሪክ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የታሪኩን ትምህርት ይዘረዝራል። እኔም ልዘርዝር፤ ሌላ የምችለው ነገር የለም። የወላጅህ ወይም የልጅህ ድምፅ በኢንተርኔት ላይ ካለ ዛሬ አውርደው፣ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጠው፤ ማንም አያቋርጥብህም፣ ማንም አያጠፋብህም። በማስታወቂያ የተናደድክ እንደሆነ ንዴትህን በቅርብ ባገኘኸው ሰው ላይ አታውርድ፤ ያናደደህ ሩቅ ነው፣ አይሰማህም፣ የሚሰበረው የቅርቡ ነው። ይቅርታህን እጅ ይዘህ ጠይቅ፣ ነገር ግን አስቀድመህ ደውል። አዋቂ ነኝ የምትልም ብትሆን፣ ከማስረዳትህ በፊት መጀመሪያ ሥራውን ሥራ። ጋሽ በሺር ይህን ሁሉ አምነዋል። እዚያው ቆመው፣ «ያልከው ሁሉ እውነት ነው መምህር» ብለውኛል። እንዲህ በሙሉ ልቡ የተቀበለኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

የጋሽ በሺር ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። እትዬ ዘሀራ ናቸው። ጋሽ በሺር ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አርቀው ስለሚይዙ የሚሉት ለሁላችንም ተሰማ።

«በሺር፣ ተውፊቅን አገኘኸው? ልጁን እንዳትቆጣው፣ አደራ። እኔ ይኸው ምልክቷን ነክቼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ማስታወቂያው ረዘመ መሰለኝ፣ ከሊድ እስካሁን አልመጣም። ግዴለም፣ እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ።»

ጋሽ በሺር ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ጎንበስ ብዬ የወደቀውን የዓይን መከላከያ አነሣሁ።

«እሺ» አሏቸው። «ጠብቂው።»