በድርቆሹ ውስጥ የቀረው በሽታ

ድርቆሽ ነጋዴው አዛውንት የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መድኃኒት ቤት ተሰልፈው ሳለ፣ የእህታቸው ልጅ ድንገት ከኋላቸው መጣች። ልጅቱ የእንስሳት ሐኪም ናት።

«አጎቴ፣ ደህና ነዎት? ማን ታሞ ነው?»

«ሚስቴ ናት። ጉንፋን ይዟት ትኩሳቱ አልለቅ አላት። አንገቷ ሥርም ንፍፊት አብጧል። ያልፋል።»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «ድርቆሽ መጋዘናችሁ ውስጥ የሞተ አይጥ አይታችኋል?»

«አይጥማ በብርዱ ሰሞን እንደ ቅጠል ረገፈ! ተገላገልን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በመንሽ እያነሳን ጣልነው፤ አለቀ።»

«አላለቀም፣ አጎቴ። ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ አለ። አይጥና ጥንቸል ይፈጃል፤ ሰውም ይይዛል።»

አዛውንቱ ሳቁ። «አይ ዶክተሯ! አይጡ ከሞተ በሽታው በምን እግሩ ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«እግር አያስፈልገውም። ውኃ ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ፣ አይጥ በሸናበት ድርቆሽ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ብርድ ደግሞ ይስማማዋል። እትዬ ድርቆሹን ሲያራግፉ አቧራውን ስበውት ይሆናል። ለመሆኑ የውኃ ጉድጓዳችሁ ክዳን አለው?»

«አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ክዳን ኖሮት አያውቅም» አሉ ኮስተር ብለው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ሰለለ። «በቀደም... በባልዲው አንድ የሞተ አይጥ ወጥቶ ነበር። እኔንስ ይዞኝ ይሆን? አጠገቧ ሆኜ ነው ያስታመምኳት።»

«ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ለሐኪሙ ስለ አይጦቹ ካልተነገረው በምን ያውቃል? አሁኑኑ እንውሰዳቸው።»

አዛውንቱ ከሰልፉ ወጡ። ሚስታቸውን ይዘው ክሊኒክ እንደ ደረሱ ሁሉንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ ደም አስመርምሮ ትክክለኛውን መድኃኒት አዘዘ። ትኩሳቱ እየበረደ ሄደ። አንድ ጠዋት ሚስታቸው ከአልጋ ቀና ብለው፣ «እኔ ስተኛ ድርቆሹን በርካሽ ሸጥከው አይደል?» ብለው ሲቆጡ፣ አዛውንቱ በደስታ እንባቸው መጣ። ቁጣዋ ከተመለሰ እሷም ተመለሰች ማለት ነው።

እውቀት ሰውን ከልማዱ የሚያላቅቀው እንዲህ የራሱን ቤት ሲያንኳኳ ነው። አይጥ ያበላሸው ድርቆሽ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ ጓንት ተደርጎ፣ አቧራው እንዳይነሳ በውኃ ርሶ ከጉድጓዱ ርቆ ተቀበረ። የጉድጓዱ ውኃ በክሎሪን ታክሞ ክዳን ተሠራለት፤ የመጠጥ ውኃም እየፈላ ይጠጣ ጀመር። አዛውንቱ በየደጁ እየዞሩ ያዩትን ስለተናገሩ፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ትኩሳት ሲጀምራቸው «የሞተ አይጥ ነክተናል» ብለው ለሐኪም ተናግረው በጊዜ ድነዋል። አንደኛው ከክሊኒክ ሲመለስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ተርፌያለሁ!» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱም እፎይ ብለው ወደ መጋዘናቸው ገቡ።